የማይታጠፍ ጉልበት

አባቴ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራው ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ነው። ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ይነሣል፤ ሻይውን ቆሞ ይጠጣል፤ የታላቅ እኅቱን ተሽከርካሪ ወንበር ፍሬን ጫን አድርጎ ይፈትሽና ይወጣል። ወርክሾፕ ሲደርስ ሰማያዊ ካፖርቱን ይለብሳል፣ በጄሶው ባልዲ ሥር የደረቀውን ቅርፊት ያራግፋል፣ ፕላስቲክ የሚያለሰልሰውን ምድጃ ይለኩሳል። ምሳውን እዚያው ይበላል። ማታ ሲመለስ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ጄሶ አለ። ከራት በፊት የወንበሩን ፍሬን እንደገና ይፈትሻል። እሑድ ያርፋል፤ የሚያርፈው ግን እጁ ብቻ ነው፤ ዐይኑ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን አረማመድ ሲመዝን ይውላል።

በወርክሾፑ «ጋሽ መቀርቀሪያ» ይሉታል። ፊት ለፊት አይሉትም፤ እሱ ግን ያውቃል፤ ሳይኮራበትም አይቀርም። ስሙ የወጣለት እንዲህ ነው። እግሩ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው የሚሠራ እግር የራሱ ጉልበት ያስፈልገዋል። አንዱ ዓይነት ጉልበት ሰውየው ሲራመድ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሌላው ዓይነት ሲራመዱ በመቀርቀሪያ ይቆለፋል፤ ባለቤቱ መቀመጥ ሲፈልግ ብቻ ከጭኑ ጎን ያለችውን ማንሻ ስቦ ይከፍተዋል። የተቆለፈ ጉልበት በድንገት አይከዳም። ዋጋው ግን አለው፦ እግሩ ስለማይታጠፍ መሬት እንዳይጎትት ባለቤቱ ወገቡን አንሥቶ፣ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ሣር እንደሚያጭድ ሰው ግማሽ ክብ እየሠራ ይሄዳል። አባቴ ለሁሉም የሚሠራው ይኸን ነው። ጎረምሳ ይሁን ሽማግሌ፣ ሜዳ ላይ ይኑር ደረጃ ላይ፣ ከእሱ እጅ የወጣ ጉልበት ሁሉ መቀርቀሪያ አለው። በከተማችን እሱ የሠራውን እግር ያደረገ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። የወርክሾፑ በር ጠባቂ፣ እሱም አባቴ የሠራለትን እግር ያደረገ፣ «አዛዡ» የምንለው፣ እንዲያውም «እኛ አንድ ጦር ነን፤ ሰልፋችን ያስታውቃል» ይላል።

በዚህ ሳምንት ሰኞ የወርክሾፑን ሥራ የምታይ አንዲት ገምጋሚ ከውጭ አገር መጣች። ፀጉሯ የነጣ፣ ድምፅ የማያሰማ ጫማ ያደረገች፣ ከመናገር ይልቅ ማየት የምትወድ ሴት ናት። የተሠሩትን እግሮች አገላብጣ ካየች በኋላ «ሰው ሲራመድባቸው ልይ» አለች። የዚያን ዕለት አባቴ የሠራላትን እግር ለማስመርመር የመጣች አንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረችና ተነሥታ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ገምጋሚዋ ተከትላት ሄዳ፣ ተከትላት ተመለሰችና በእንግሊዝኛ ፍርዷን ሰጠች፦ አይጥልም፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ኢንኤለጋንት ነው።

አባቴ አጠገብ የምትሠራው ወጣት ባለሙያ፣ ሁሉን ነገር ካልለካች ስለማታምን «ሚሊሜትር» የሚሏት፣ ለመተርጎም ሞከረች። «ጥሩ ነው አለች ጋሼ። ጠንካራ ነው አለች። ብቻ . . . ትንሽ . . . አያምርም መሰለኝ።»

አስተማሪዋ ግን እንግሊዝኛውን ራሷ ሰምታ ነበር። «ልክ ናት» አለች። «ይኸን ሁሉ ጊዜ ስፈልገው የኖርኩትን ቃል አንድ ጊዜ ዐይታኝ አገኘችው።»

አባቴ ያንን ቃል በምላሱ ተሸክሞ ቤት ገባ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ከወንበሩም ፍሬን አስቀድሞ፣ አንድ ድምፅ ሳያዛንፍ ጠየቀኝ።

«ኢንኤለጋንት ማለት ምንድን ነው?»

ጥያቄው ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ አልክደውም። ከክፍሌ አንደኛ እንደምወጣ አባቴ ለሰው ሁሉ ይናገራል እንጂ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። «ውበት የሌለው፣ ወዘና ያጣ ማለት ነው» አልኩት።

«አስቀያሚ ማለቷ ነው?»

«አይደለም። አስቀያሚ ሌላ ነው።»

«ዝርክርክ?»

«እሱም አይደለም።»

አክስቴ በመስኮቱ ሥር በእጅ የምትዞረውን የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች መጋረጃ ትዘመዝም ነበር። የእግር መርገጫ ያላት መኪና ከተሸጠች ዓመታት አልፈዋል። «ጨዋ ስድብ ነው በይዋ!» አለች ቀና ሳትል። «ሰው ቆንጠጥ ሲያደርግሽ ‹ይቅርታ› እንደሚልሽ ያለ።»

ቀልዷ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር። ለአባቴ ግን እንደሚገባኝ አድርጌ ላስረዳው ፈለግሁ። የእኛ ቋንቋ ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ቃል ያለው ባለጸጋ ነው፦ ለንግግር ለዛ እንላለን፣ ለፊት ወዘና፣ ለቁመና ሞገስ፣ ለአለባበስ ቅጥ። የእንግሊዝኛው ቃል ግን አንዱ ብቻውን በየቤቱ ይዞራል፤ ለአረማመድም፣ ለዓረፍተ ነገርም፣ ለሒሳብ ስሌትም ያገለግላል። ደግሞም ጨርሶ ለማይሠራ ነገር እምብዛም አይነገርም። የተሳሳተ ስሌት ስሕተት ነው፤ የተሰበረ ድልድይ ስብራት ነው። ኢንኤለጋንት የሚባለው የሚሠራ ነገር ነው፤ መድረሻው የሚደርስ፣ ግን ሲደርስ የሚያስጨንቅ። እንደ ስድብም ጩኸት የለውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ «አስቀያሚ» ለማለት የሚችል ግን የማይፈልግ ሰው ቃል ነው። የሒሳብ መምህሬ አንድ ጊዜ ከፈተና ወረቀቴ ጥግ ላይ ጽፎት ያውቃል። ሙሉ ነጥብ ሰጥቶኝ፣ ከሥሩ «ትክክል፣ ግን ኢንኤለጋንት» አለኝ። አንድ ገጽ የሚበቃውን በሦስት ገጽ ዞሬ አስረድቼ ነበርና።

«ምን ተሰማሽ?» አለ አባቴ።

«ዜሮ ቢሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሳቅ ሊል ሞከረና ተወው። «እንግዲህ ይደርሳል ነው የምትይኝ።»

«ይደርሳል አባዬ። እየጎተተ ይደርሳል።»

«ደርሶ ሲያበቃ ምን ጎደለው?» ድምፁ ከፍ አለ። «ለሰው እግር የሚሰጠው እንዲዘፍንበት ነው? እንዲደርስበት ነው! ከእኔ እጅ ወጥቶ የወደቀ ሰው አለ? እስቲ ጥሩልኝ!»

የስፌት መኪናዋ ቆመች።

«አንድ አለች» አለች አክስቴ። «ራትህን ብላ።»

አክስቴ በወጣትነቷ እግሯን ያጣችው በመኪና አደጋ ነው። አባቴ ያን ጊዜ ሙያውን ገና ጨርሶ የወጣ ልጅ ነበር፤ ብቻውን የሠራው የመጀመሪያ እግርም የእሷ ነው። ያኔ መቀርቀሪያ አላደረገበትም። ጉልበቱ ይታጠፍ ነበር። አክስቴ በእሱ ስትሄድ ከርማ አንድ ዝናባማ ቀን ከምትሠራበት ቢሮ ደረጃ ላይ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ቆማ አታውቅም። አባቴ ከዚያ ወዲህ የሚታጠፍ ጉልበት ሠርቶ አያውቅም። በቤታችን ስለዚህ ነገር አይወራም። የሚወራው ስለ ወንበሩ ፍሬን ነው።

ማክሰኞ ሚሊሜትር «ከገምጋሚዋ ጋር እንግሊዝኛዬ ያልቅብኛል፤ ልጅዎ ትርዳን» ብላ አባቴን ስለለመነችው አብሬው ሄድኩ። ገምጋሚዋ እስከ ዓርብ ትቆያለች። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ደግሞ በሚመጣው ሰኞ ነው። አስተማሪዋ በጠዋት መጥታ ከመለማመጃው ክፍል በር ላይ ትጠብቀን ነበር።

«ጋሼ፣ የሚታጠፍ ጉልበት ይሥሩልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ መጀመሪያ።»

«ቁጭ ብዬ ሰለቸኝ። ቁጭ ማለትማ ያለ እግርም ይቻላል።»

አባቴ ካፖርቱን ቆለፈ። «ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ነው? ሰው ይበል። ሳቅ አጥንት አይሰብርም።»

«ይሰብራል ጋሼ» አለች። ድምፅዋ አልተነሣም፤ የሰላ ብቻ ሆነ። «ባለፈው ዓመት መጨረሻ የዓለም ካርታ ልሰቅል ወደ ሰሌዳው ስሄድ ከኋላዬ የማውቀው ዓይነት ዝምታ ሰማሁ። ዞር አልኩ። የኋለኛው ረድፍ በሙሉ ተነሥቶ፣ እንደኔ አንድ እግሩን እያጨደ ይከተለኛል። ክፉዎች አይደሉም፤ ልጆች ናቸው። ዐይናቸው ያየውን ነው የሠሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታ ሰቅዬ አላውቅም። ከወንበሬ ሆኜ ነው የማስተምረው። ስለዚህ እግርዎ አይጥለኝም፤ እውነት ነው። አያስነሣኝምም።»

አባቴ ወለሉን ዐየ፤ ከዚያ እጇን ዐየ፤ ፊቷን አላየም።

«ከወደቅሽስ?»

«እነሣለኋ!»

«ሳትነሺ ብትቀሪስ?»

«ያኔ እኔው ነኝ የምቀረው ጋሼ።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣና «እሺ» አለ። «ሐሙስ ነይ።»

አስተማሪዋ እግሩን ትታለት፣ ደስታዋ ሞልቶ በክራንች ስትወጣ ሚሊሜትር ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ጋሼ በአንድ ጊዜ እሺ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ደግ ነገር አይመስለኝም።» እኔም ስለ እሱ ቀና ማሰብ ፈልጌ «አባቴን አታውቂውም» አልኳት። ከእሱ ጋር የምትውለው እሷ መሆኗን ረስቼው ነበር።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ሠራ። የአስተማሪዋን ጭን የሚያቅፈውን ቀፎ ከአሮጌው እግር ላይ አወጣ፤ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰ፤ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ዞረው። ከመጋዘን ሳጥኑ ሳይከፈት የኖረ አዲስ ጉልበት አመጣ። መቀርቀሪያ የለውም፤ ያብረቀርቃል። ሚሊሜትር ልትረዳው ስትጠጋ «ዛሬ ብቻዬን ልሥራ» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

ሐሙስ አስተማሪዋ መጣች፤ ገምጋሚዋና እኔም ከዳር ቆመን እናያለን። ረዥም ቀሚስ ትታ ሱሪ ለብሳ ነበር። እግሩን አስተካክላ አሰረች፣ በሁለቱ የመደገፊያ ብረቶች መካከል ቆመች፣ መራመድም ጀመረች። አንድ ዙር ሄደች። ደግማ ሄደች። ወገቧ አሁንም ይነሣል። እግሩ አሁንም ወደ ውጭ ይዞራል።

«ለምን አልታጠፈም?» አለች።

«ይለመዳል» አለ አባቴ።

እንደገና ሞከረች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ጭኗን ወደፊት ስትወረውር እግሩ እንደ ደረቅ እንጨት አብሮ ይሄዳል። «እኔ ነኝ እንዴ የማላውቅበት?» አለች። ያን ስትል አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሚሊሜትር ዝም ብላ ወደ መሣሪያው መደርደሪያ ሄደች። ግንበኛ ግድግዳ የሚያቃናበትን ዓይነት ቱንቢ፣ ማለት ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር፣ ይዛ መጣች። አስተማሪዋን «ቀጥ በይልኝ እኅቴ» ብላ ክሩን ከዳሌዋ ጎን ወደ ቁርጭምጭሚቷ ለቀቀችው። ክሩ ተወዛውዞ ሲረጋ ሁላችንም ዐየነው። የጉልበቱ መታጠፊያ ከክሩ በጣም ወደ ኋላ ቀርቷል።

የዚህን ትርጉም ለማያውቅ ሰው ሚሊሜትር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳች፦ የሰውነት ክብደት ከመታጠፊያው ፊት ለፊት ሲያልፍ ጉልበቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እንዲህ ርቆ ሲያልፍ ደግሞ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢታገል አይታጠፍም። «ጋሼ» አለች፤ «እርስዎ በአንድ ሚሊሜትር የሚሳሳቱ ሰው አይደሉም።»

«ምን ማለት ነው?» አለች አስተማሪዋ። «ምን ማለት ነው እኮ ነው የምለው!»

«መቀርቀሪያውን አውጥተው፣ ያለ መቀርቀሪያ ቆለፉት ማለት ነው» አለች ሚሊሜትር።

በዚያች ቅጽበት ገምጋሚዋ ወደ እኔ ዘወር ብላ የሚባለውን ጠየቀችኝ። ቃል አላጣሁም። አባቴ ግን ዐየኝ። በሕይወቴ እንዲያ ዐይቶኝ አያውቅም፤ ልጅ አባቷን እንደምትለምን ዓይነት ነበር። የመጣሁት ለመተርጎም ነበርና ተረጎምኩት፤ አንድም ነገር ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ። ገምጋሚዋ መነጽሯን አውልቃ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ሳይነግሩኝ?» አለች አስተማሪዋ። «እናቴ እንኳን ጫማ ስትገዛልኝ ‹ጠበበሽ ወይ?› ትለኛለች። እርስዎ እግሬን ሳይጠይቁኝ ይቆልፉታል?»

«ልጄ፣ ላንቺው ብዬ . . .»

«‹እኔ ነኝ የማላውቅበት?› ስልዎ ሰምተው ዝም አሉኝ!»

መልሱን አልጠበቀችም። ማሰሪያውን ፈታች፤ እግሩን አንሥታ በሥራ ጠረጴዛው ላይ በመዶሻና በሞረድ መካከል አስተኛችው፤ ክራንቿን ከግድግዳው አንሥታ በአንድ እግሯ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆማ፣ ሳትዞር ተናገረች። «ነገ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ። ወይ ይታጠፋል፣ ወይ ሰኞ ክፍል በክራንች እገባለሁ። በክራንች መግባት አላፍርበትም። በተቆለፈ እግር ግን ከእንግዲህ አልገባም።»

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ፣ ከበራችን ጥቂት ሲቀረን «ይኼ ቃልሽ» አለኝ፤ «ለሰው አድራጎትም ይባላል?»

«ይባላል።»

«ለተንኮልስ?»

«ለተንኮል ሌላ ቃል አለ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ገባ። ወደ አክስቴ ወንበር ጎንበስ ብሎ ፍሬኑን ሊይዝ እጁን ሲሰድ አክስቴ በመጋረጃ መለኪያ እንጨቷ እጁን ቸብ አደረገችው።

«ተወው።»

«ይላላል እትዬ።»

«አይላላም። ሠላሳ ዓመት ስታጠብቀው ምን ሊላላ ይችላል! እንዲያውም ለመክፈት እጄን ይልጠኛል። ምን ሆነህ ነው የመጣኸው? ፊትህ ጄሶ መስሏል።»

እኔ ነገርኳት። ቱንቢውን፣ ክሩን፣ አስተማሪዋ ያለችውን ሁሉ። አክስቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ለእኔ ብለህ ነው» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም።

«ለማንም ብዬ አይደለም።»

«ውሸትህን ነው። እኔ በወደቅኩ የከተማው እግር ሁሉ ታሰረ! ሰው በየመንገዱ በእኔ ውድቀት ምክንያት እያጨደ ይሄዳል።» ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቱ መጣች። «አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? እንዴት እንደ ወደቅኩ?»

«ጉልበቱ ከዳሽ።»

«አየህ፣ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ደረጃው ረጥቦ ነበር። የቢሯችን ገንዘብ ያዥም በማግሥቱ እዚያው ደረጃ ላይ ወድቃለች፤ በሁለት ደህና እግሯ! ምናልባት ጉልበቱም ከድቶኝ ይሆናል፤ እሱን አላውቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የማውቀው ሌላ ነገር ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከመውደቄ በፊት፣ ያን ክረምት ሙሉ ማንም ዞሮ ዐይቶኝ አያውቅም። ገበያ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አውቶቡስ ላይ ሰው ሲገፋኝ ‹አትግፋ› ብዬ ተጣልቻለሁ። እግሬ የእኔ እንዳልሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ያንን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። አመስግኜህ ሳልጨርስ አንተ ጥፋተኛ ሆነህ ተቀመጥህ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያናግርህ!»

«ዳሌሽ ግን . . .»

«ዳሌዬ የእኔ ነው! ለምን ይሆን ሁሉ ሰው የእኔን ዳሌ ከእኔ በላይ የሚያዝንለት?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። ከወንበሩ ፊት በርከክ ብሎ ፍሬኑን ጥቂት አላላው። «እንዲህ ይበቃል?» አላት። አክስቴ በእጇ ከፈተችው፣ ዘጋችው። «ይበቃል» አለች።

ዓርብ ከምሳ በኋላ አስተማሪዋ በክራንች መጣች። ገምጋሚዋና ሚሊሜትር ከግድግዳው ጥግ ቆመዋል። እኔ ከበሩ አጠገብ ነኝ። አባቴ ከመደገፊያ ብረቶቹ መካከል ቆሞ ጠበቃት።

«ትናንት አታልዬሻለሁ» አላት። ሌላ መግቢያ አላደረገለትም። «የምፈራው አለኝ። ፍርሃቴን አንቺ ላይ ማሰር አልነበረብኝም። አሁን እግሩን አድርጊውና አንቺው ንገሪኝ፤ እኔ ብሎኑን እይዛለሁ።»

እሷ አሰረችው። አባቴ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አደረገ፤ መታጠፊያውን ወደ ፊት ጥቂት አመጣው። «ሂጂ።» ሄደች፤ አልታጠፈም። «ይጨምሩ» አለች። ጨመረ። ሄደች፤ ጉልበቱ ሊታጠፍ ጀምሮ ተመለሰ። «ይጨምሩ።» አባቴ መፍቻውን እንደያዘ እጁ ቆመ። ሚሊሜትር ከንፈሯን ነክሳ ክሩን በጣቷ ትጠመጥማለች። አባቴ ጨመረ።

በዚህኛው ዙር ጉልበቱ ታጠፈ። እግሩ ወደ ኋላ ተነሣ፣ ወደ ፊት ተወረወረ፣ ተረከዙ መሬት ነካ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን ክብደቷን ቶሎ ጣለችበትና ጉልበቱ ከሥሯ ከዳ። ሰውነቷ ወደ ጎን ተወነጨፈ። አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተወረወረ፤ ሊይዛት አንድ ስንዝር ሲቀረው ግን እሷ ብረቱን ይዛ ነበርና እጆቹ በአየር ላይ ቀሩ።

«አይያዙኝ» አለች፣ ከብረቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለች። «የት ላይ እንደሚከዳ አሁን አወቅሁት።»

አባቴ እጆቹን መለሰ። መመለሱ ከመያዙ ይልቅ ኃይል እንደ ጠየቀው ፊቱ ይናገር ነበር። ብሎኑን በጣም ጥቂት ወደ ኋላ መለሰና፣ ቀና ብሎ ዐያት። «እንዲህ ላድርገው ወይስ እንደ ነበረ?» እሷ ሞክራ «እንዲህ» አለች። ከዚያ በብረቶቹ መካከል ደጋግማ ሄደች፤ ቀጥሎ በአንድ እጇ ይዛ፤ ቀጥሎ ሳትይዝ። ኮሪደሩን ወጣች። ደረጃው ላይ የእጅ መደገፊያውን ይዛ ወረደች። አባቴ ከኋላዋ ይከተላል፤ እጆቹን ወደ ካፖርቱ ኪስ ከትቷቸዋል፤ ኪሶቹ ውስጥ ጨብጧቸው እንደ ነበር ከውጭ ይታይ ነበር።

ያ አረማመድ እንከን አልነበረውም ማለት አልችልም። ትከሻዋ ጥቂት ይቀድማል፤ አንዳንዱ እርምጃ ከሌላው ያጥራል። ገምጋሚዋን ምን እንደምትለው ጠየቅኋት። ቃሏን ጨርሶ አላነሣችም። «ደህና እየሄደች ነው» ብላ ብቻ መለሰችልኝ።

በሩ ላይ አዛዡ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። አስተማሪዋ ስታልፈው አላወቃትም። ካለፈች በኋላ ነው የደነገጠው። «ያቺ የኛዋ አይደለችም እንዴ? ከጦሩ ከዳች በሉኛ!»

አባቴ አጠገቡ ሄዶ ቆመ። «አንተስ? ልክፈትልህ?»

«ምኑን?»

«ጉልበትህን። ብትፈልግ የሚታጠፍ አደርግልሃለሁ።»

አዛዡ እግሩን ዐየ፤ የተቆለፈውን ብረት በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ተወኝ ወዳጄ። ሌሊቱን በር ላይ ቆሞ የሚያድር ሰው ጉልበቱ ቢከዳው ማን ሊያነሣው ነው? እኔ መቀርቀሪያዬን ወድጄዋለሁ።» ጥቂት አሰበና ጨመረ። «ስንት ዘመን በራፍህ ላይ ስቀመጥ ግን ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ።»

አባቴ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሚሊሜትርን ጠራት። ከዚህ ወርክሾፕ እግር የወሰዱትን ሁሉ፣ እሱ የሠራላቸውን አንድ በአንድ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንድትጠራለት ነገራት። እያንዳንዱ ሰው በብረቶቹ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ጉልበት ይሞክራል፤ የሚጥለውንም የሚያስጨንቀውንም በግልጽ ይነገረዋል፤ ከዚያ ባለቤቱ የመረጠው ይሠራለታል።

«ሁሉንም ጋሼ?» አለች ሚሊሜትር። «የሚቆጡ አሉ።»

«ይቆጡ» አለ አባቴ፣ ካፖርቱን እያወለቀ። «መጀመሪያ የምትጠሪው በጣም የሚቆጣውን ይሁን።»